ፒንግ ይመልሳል፣ ገጹ ግን አይከፈትም፦ ፋየርዎሉን ሪሴት ከማድረግዎ በፊት

ጠያቂያችን፣ የፋየርዎሉ (የቢሮውን ኔትወርክ ከኢንተርኔት ለይቶ የሚጠብቀው መሣሪያ) ማስተካከያ ገጽ በብሮውዘር አልከፈት እንዳለዎት፣ መሣሪያው ግን ለፒንግ (መሣሪያው በኔትወርክ ላይ መኖሩን ለሚጠይቅ አጭር መልእክት) እንደሚመልስና የቢሮው ኢንተርኔትም እየሠራ እንደሆነ ገልጸው፣ ሪሴት ቢያደርጉት (ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ ቢመልሱት) ይሻል እንደሆነ ጠይቀዋል። በእኔ አስተያየት አሁን አይንኩት። ሪሴት ሲደረግ የኢንተርኔት መስመሩ፣ የቪፒኤኑ (በኢንተርኔት ላይ የሚዘረጋው የተመሰጠረ መስመር) እና የሕጎቹ ማስተካከያ አብሮ ስለሚጠፋ፣ ባክአፕ ከሌለዎት ዛሬ አንድ ገጽ ከመክፈት ያገደዎት ችግር ነገ ቢሮውን በሙሉ ያለ ኢንተርኔት ያስቀረዋል።

በመጀመሪያ ገጹ እንዴት እምቢ እንደሚልዎት ልብ ይበሉ። ብሮውዘሩ ረጅም ጊዜ ሲሽከረከር ቆይቶ «ምላሽ አልተገኘም» ካለ፣ ጥያቄዎ መንገድ ላይ ቀርቷል ወይም መሣሪያው ዝም ብሎ ጥሎታል። ወዲያውኑ «ግንኙነቱ ተቀባይነት አላገኘም» ካለ ደግሞ አድራሻው ላይ ደርሰዋል፤ በዚያ ፖርት (አገልግሎቱ በሚገኝበት የበር ቁጥር) ላይ ግን የሚያዳምጥ አገልግሎት የለም፣ ወይም ጥያቄዎ ተከልክሏል። ስለ ሰርተፍኬት ወይም ስለ ደኅንነቱ የተጠበቀ ግንኙነት የሚያወራ መልእክት ካዩ፣ ችግሩ በአብዛኛው በብሮውዘሩና በመሣሪያው መካከል ያለ አለመግባባት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ግን፣ ለፒንጉ የመለሰልዎት ፋየርዎሉ ራሱ መሆኑን በምን አወቁ? ይህን የምጠይቀው እኔ ራሴ ግማሽ ቀን ስላባከንኩበት ነው። በአንድ ቢሮ ውስጥ ገጹ ወዲያው እምቢ ይለኝ ስለነበር ኬብል ቀየርኩ፣ ብሮውዘር ቀየርኩ፣ ፋየርዎሉንም ሁለት ጊዜ አጥፍቼ አበራሁ። በመጨረሻ በላፕቶፔ ላይ የኤአርፒ ሰንጠረዡን (የትኛው የኔትወርክ አድራሻ የየትኛው መሣሪያ እንደሆነ የሚያሳየውን ዝርዝር) አውጥቼ ከፋየርዎሉ አድራሻ ከ192.168.1.1 ትይዩ የተጻፈውን የማክ አድራሻ (የመሣሪያውን የፋብሪካ መለያ) ከፋየርዎሉ ሆድ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ጋር ሳመሳክረው፣ አምራቹን የሚያሳዩት የመጀመሪያዎቹ ስድስት ቁጥርና ፊደላት እንኳ አልገጠሙም። ለካስ አንድ ሠራተኛ ያመጣው አሮጌ የዋይፋይ ማሰራጫ ያንኑ አድራሻ ይዞ ስዊቹ (የቢሮው ኬብሎች የሚገናኙበት ሳጥን) ላይ ተሰክቶ ኖሯል፤ ፒንጉንም ሲመልስልኝ የዋለው እሱ ነው። የሌሎቹ ኢንተርኔት ደህና ሆኖ የእኔ ላፕቶፕ ሲቆራረጥ ቀድሜ መጠርጠር ነበረብኝ። ማሰራጫውን ነቅዬ ሰንጠረዡን ሳጸዳ ገጹ ተከፈተ።

የማክ አድራሻው ከገጠመልዎት ወደ ፈቃድ ይሂዱ። በብዙ ፋየርዎሎች ላይ ፒንግ፣ ኤችቲቲፒኤስ (ገጹ የሚከፈትበት) እና ኤስኤስኤች (በጽሑፍ ትእዛዝ የሚገባበት) በየኢንተርፌሱ (በየኔትወርክ መግቢያው) ለየብቻ የሚፈቀዱ ስለሆኑ፣ ፒንግ መፈቀዱ ገጹም ተፈቅዷል ማለት አይደለም። አስተዳዳሪ ሊገባባቸው የሚችላቸው አድራሻዎች ተገድበውም ሊሆን ስለሚችል፣ በዋይፋይ ወይም በሌላ ቪላን (ተለይቶ በተከፈለ የቢሮው ኔትወርክ) በኩል ከመሞከር ይልቅ ቀድሞ ይገባበት በነበረው ኮምፒውተር ወይም ኔትወርክ በኬብል ይሞክሩ። በላፕቶፑ ላይ ቪፒኤን ወይም ፕሮክሲ (ጥያቄዎን በሌላ ኮምፒውተር በኩል የሚያሳልፍ) በርቶ ከሆነም ያጥፉት።

ፖርቱም ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። የኤችቲቲፒኤስ የተለመደው ፖርት 443 ለኤስኤስኤል ቪፒኤን (በዚያው ፖርት ለሚሠራ የቪፒኤን ዓይነት) ሲፈለግ የአስተዳደር ገጹን ወደ 8443 ወይም ወደ ሌላ ቁጥር ማዛወር የተለመደ ነው። በዚህ ጊዜ ከአድራሻው በኋላ ሁለት ነጥብ (:) እና የፖርቱ ቁጥር ይጻፋል፤ መነሻው ላይ ኤችቲቲፒኤስ የሚለውን መጻፍም አይርሱ፣ አለዚያ ብሮውዘሩ ባልተመሰጠረ መንገድ ሊሞክርና ባዶ ገጽ ሊያሳይዎት ይችላል።

መሣሪያው የቆየ ከሆነ ከቲኤልኤስ (ኤችቲቲፒኤስ ግንኙነቱን የሚያመሰጥርበት ስልት) 1.0 ወይም 1.1 በላይ ላያውቅ ይችላል። ዋና ዋና ብሮውዘሮች እነዚህን ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምረው እየተዉ ስለመጡ፣ ትናንት ይከፈት የነበረ ገጽ ከብሮውዘር ማሻሻያ በኋላ ድንገት እምቢ ቢል አያስደንቅም። መፍትሔው የፋየርዎሉን ፈርምዌር (የውስጥ ሶፍትዌሩን) ማሻሻል እንጂ፣ የዕለት ሥራ የሚሠሩበትን ብሮውዘር ጥበቃ ማላላት አይደለም።

ይህ ሁሉ ካልሠራ የኮንሶል ኬብል (ኮምፒውተርዎን ያለ ኔትወርክ በቀጥታ ከፋየርዎሉ ጋር የሚያገናኝ) ያስፈልግዎታል። የግንኙነቱ ፍጥነት በብዙዎቹ ፋየርዎሎች ላይ 9600 ነው፤ ፒኤፍሴንስን (የፋየርዎል ሶፍትዌር ነው) የመሰሉት ግን 115200 ይጠቀማሉ፤ የማይነበብ ምልክት ከወጣልዎት ፍጥነቱን ይቀይሩ። በዚያ በኩል ገብተው የኢንተርፌሱን አድራሻ፣ የተፈቀዱትን አገልግሎቶችና የአስተዳደር ፖርቱን ያንብቡ። ሁሉም ትክክል ሆኖ ገጹ ካልተከፈተ የሜሞሪውን መጠን ይመልከቱ፤ ሜሞሪ ሲሞላ የድር አገልግሎቱ ብቻ ደርቆ ትራፊኩ ማለፉን የሚቀጥልበት ጊዜ አለ፤ ያኔ መሣሪያው የሚፈቅድ ከሆነ አገልግሎቱን ብቻ አስነሥቶ ማየት ይበቃል። በችግሩ ተማርረው ግን የአስተዳደር ገጹን በኢንተርኔት በኩል ላለው ኢንተርፌስ እንዳይከፍቱት አደራ እላለሁ።

ገጹ ሲከፈትልዎት ሌላ ነገር ከመንካትዎ በፊት የኮንፊገሬሽኑን ባክአፕ አውርደው ከፋየርዎሉ ውጭ ያስቀምጡ፤ አድራሻውንና የፖርቱን ቁጥርም ከማክ አድራሻው አጠገብ በወረቀት ጽፈው ይለጥፉት።