ስዊች ባለበት ኢተርኔት መልእክት በሰዓቱ ይደርሳል? ጥያቄና መልስ

ማሽን የሚቆጣጠሩ ኔትወርኮች ላይ እሠራለሁ። ኢተርኔት መሣሪያዎችን በኬብል የሚያገናኝ ኔትወርክ ነው፤ ስዊች ደግሞ የመጣውን መልእክት ተቀብሎ ወደ ተላከለት መሣሪያ የሚያሳልፍ ሣጥን ነው። የጠየቃችሁኝን በተራ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ስዊች ከገባ ወዲህ የፍሬም (በኢተርኔት የሚላክ የመረጃ እሽግ) ግጭት የለም። ታዲያ ለሪል ታይም (በተወሰነለት ጊዜ መድረስ ላለበት ሥራ) ምን ችግር ቀረ?

መልስ፦ ወረፋ። አሥር ሴንሰሮች በአንድ ቅጽበት ወደ አንድ መቆጣጠሪያ ከላኩ ሁሉም የሚወጡት በአንድ ፖርት (የኬብል መሰኪያ) ነው፤ አንዱ ሲያልፍ ዘጠኙ ይቆማሉ። የስዊቹ ሜሞሪ ከሞላ ደግሞ ፍሬም ይጣላል።

ጥያቄ፦ ለመቆጣጠሪያው ትራፊክ ከፍተኛውን ቅድሚያ ሰጥቻለሁ። አይበቃም?

መልስ፦ በጣም ይረዳል፤ ከስምንቱ የኢተርኔት የቅድሚያ ደረጃዎች ላይኛውን መስጠትህም ትክክል ነው። ነገር ግን ቅድሚያ ያለው ፍሬም ወረፋውን ይቀድማል እንጂ መውጣት የጀመረውን አያቋርጥም። ያንተ ትንሽ ፍሬም የደረሰው በዚያው ፖርት የሚያልፍ የአንድ ካሜራ 1,518 ባይት ፍሬም መውጣት በጀመረበት ቅጽበት ነው እንበል። በፍሬሞች መካከል ያለው ክፍተትና የመነሻ ምልክቱ ሲጨመር 1,538 ባይት ይሆናል፤ በ100 ሜጋቢት መስመር 123 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ትጠብቃለህ። አምስት ስዊች ላይ ይኸው ከገጠመህ ጥበቃው ብቻ 615 ይደርሳል። ለሙቀት መለኪያ ምንም አይደለም፤ እኩል መዞር ላለባቸው ሞተሮች ግን ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ ወደ 1 ጊጋቢት ብቀይረውስ?

መልስ፦ ቀይሪው፤ ያው ፍሬም በ12.3 ማይክሮ ሰከንድ ያልፋል። ላኪዎቹ ልክ ካልተበጀላቸው ግን ወረፋው ተመልሶ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ሌሊቱን ሙሉ ፒንግ (መልእክት ልኮ ምላሹ እስኪመጣ ያለውን ጊዜ መለካት) አድርጌ አማካዩ ከ1 ሚሊ ሰከንድ በታች ሆነ። ልተማመንበት?

መልስ፦ አትተማመንበት፣ ወንድሜ! እዚህ ላይ ብዙ ጎበዝ ባለሙያ ሲሳሳት አይቻለሁ። ማሽኑን የሚያቆመው አማካዩ ሳይሆን አንዴ የሚመጣው ከሁሉ የከፋው መዘግየት ነው፤ እሱ ደግሞ በአንድ ሌሊት ላይታይ ይችላል። መፍትሔው ስሌት ነው። እያንዳንዱ ላኪ በአንዴ ስንት ባይት፣ በየስንት ጊዜው እንደሚልክ ከተወሰነ የመዘግየቱን ጣሪያ ማስላት ይቻላል፤ ተመራማሪው ሬኔ ክሩዝ መንገዱን በ1991 አሳይቷል። የኤርባስ ኤ380 አውሮፕላን ኔትወርክ፣ ኤኤፍዲኤክስ፣ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፦ እያንዳንዱ የመልእክት መስመር ትልቁ የፍሬም መጠንና በሁለት ፍሬሞች መካከል ሊኖር የሚገባው ዝቅተኛ የጊዜ ክፍተት (ከ1 እስከ 128 ሚሊ ሰከንድ) ተወስኖለታል።

ጥያቄ፦ ስዊች ላይ ለየወረፋው በሰዓት የሚከፈቱ በሮች አሉ ይባላል?

መልስ፦ አሉ፤ መስፈርቱ 802.1ኪውቢቪ ይባላል። የወሳኙ ትራፊክ ተራ ሲደርስ የሌሎቹ በር ይዘጋል። በመንገዱ ያሉት ስዊቾች ሁሉ ይህን መደገፍ አለባቸው፤ ሰዓታቸውም አንድ መሆን አለበት።

ጥያቄ፦ ቲሲፒ (የጠፋውን መልሶ የሚልክ የመላኪያ ደንብ) ወይስ ዩዲፒ (መልሶ የማይልክ)?

መልስ፦ ለሚደጋገም ልኬት ዩዲፒ። ቲሲፒ የጠፋውን መልሶ እስኪልክ አዲሱ ልኬት ከኋላ ይጠብቃል፤ መቆጣጠሪያው የሚፈልገው ግን አዲሱን ነው።