ስለ ድራም ድምፅ ለጠየቅከኝ ልጅ

ሰሞኑን ድምፅ ቅጂ የሚማር አንድ ልጅ «ጋሼ፣ የእንግሊዙ ሮክ ባንድ የሌድ ዜፕሊን አራተኛው አልበም የመጨረሻው ዘፈን («ዌን ዘ ሌቪ ብሬክስ») ላይ ድራሙ እንደዛ የገዘፈው በምንድነው፣ የትኛውን ፕለጊን (ኮምፒውተር ላይ ድምፅ የሚቀይር ፕሮግራም) ልግዛ?» አለኝ። ልጄ፣ አልበሙ የወጣው እኮ በ1971 እ.ኤ.አ. ነው፣ የምን ፕለጊን! ሄድሊ ግሬንጅ የሚባል እንግሊዝ ገጠር ያለ፣ ድሮ የድሆች መጠለያ የነበረ ቤት ገብተው፣ የባንዱን ድራመር ጆን ቦናምን ከነድራሙ መግቢያው አዳራሽ ላይ አስቀመጡት፣ ኢንጅነሩ አንዲ ጆንስ ሁለት ማይክ ደረጃው ላይ ከፍ አድርጎ ሰቀለና ቀዳው፣ ኢኮ (የገደል ማሚቶ ዓይነት ድምፅ) እና ኮምፕረሰር (የድምፁን ከፍታና ዝቅታ የሚያቀራርብ መሣሪያ) ጨመረበት። የምትሰማው ቤቱን ነው።

እኔን ግን ጥያቄህ ሌላ ቦታ ወሰደኝ። በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ አንድ ስቱዲዮ ስሠራ ያንን አልበም የማውቀው በተገለበጠ ካሴት ነበር፣ እንዴት እንደተቀዳ የሚነግረኝ አልነበረም፣ ጆሮዬ ብቻ «ይሄ ሰፊ ቦታ ነው» ይለኛል። አንድ ማታ ሰዓት እላፊ ደርሶብን እዛው ልናድር ሆነ፣ ማሲንቆ ተጫዋችና ከበሮ መቺ አብረውኝ ነበሩ፣ ከበሮ መቺውን «እስቲ ደረጃው ሥር ቁጭ በል» አልኩትና ማይኩን ፎቅ መደገፊያው ላይ አሰርኩት። ሕንጻው ባዶ ነው። ገና አንዴ ሲመታው ደረቴ ላይ ተሰማኝ፣ ድምፁ ወደ ላይ ወጥቶ እንደገና ይወርዳል፣ ማሲንቆው ደሞ ውስጥ ክፍሉ ጋ ቅርብ፣ ደረቅ፣ ሁለቱ ሲገናኙ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። እስኪነጋ ቀዳን። ጠዋት ባለቤቱ ሰማና «ንፁህ አይደለም» አለ። ያኔ ቴፕ ውድ ነው፣ እዛው ላይ ማስታወቂያ ተቀዳበት። ከበሮ መቺው ብዙም ሳይቆይ ወደ አገሩ ጎንደር ሄደ፣ ከዛ ወዲህ አላየሁትም። ያ ቅጂ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሚክስ አደራረግ፣ የተቀዱትን ድምፆች ማዋሃዱን ማለቴ ነው፣ ሌላ ሰው ይንገርህ። እኔ የምልህ፣ ያ የጠየቅከኝ የዜፕሊን ዘፈን መጀመሪያ የአሜሪካዎቹ የብሉዝ ዘፋኞች የሜምፊስ ሚኒና የካንሳስ ጆ ማኮይ ነው፣ በ1927 እ.ኤ.አ. ስለደረሰው የሚሲሲፒ ጎርፍ በ1929 የቀዱት፣ ጊታርና የሰው ድምፅ ብቻ። እሱን ስማ መጀመሪያ። ከዛ የዜፕሊኑን 7 ደቂቃ ሙሉውን ስማ፣ የዘንድሮ ልጆች 10 ሰከንድ ሰምታችሁ ታልፋላችሁ፣ እንደዛ ጆሮ አይሠራም። እዛው አልበም ላይ ሳንዲ ዴኒ፣ የፎክ ዘፋኟ፣ ከባንዱ ዘፋኝ ከሮበርት ፕላንት ጋር በማንዶሊን (ትንሽ ጊታር መሰል መሣሪያ) ታጅባ የዘፈነችው «ዘ ባትል ኦፍ ኤቨርሞር»ም አለ፣ ድራም የሚባል የለበትም፣ ግን ከሮኩ አያንስም። እኔ ከሁሉም እሱን እወዳለሁ። ቅድም ድራሙን ሳወራ ቆየሁ እንጂ።

ፕለጊን አትግዛ እያልኩህ አይደለም፣ እኔም እጠቀማለሁ። ግን ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው ብለኸኛል፣ ደረጃ አለህ ማለት ነው። ጎረቤቶችህን አስፈቅድና ከበሮውን ምድር ላይ አድርገህ ማይኩን ሁለት ፎቅ ከፍ አድርገው፣ ምንም ሳትነካካው ላክልኝ።