ለቤት ኤሊዎች ሙቀትና የዩቪቢ ብርሃን አመራረጥ፦ ጥያቄና መልስ

ኤሊ የሚያሳድጉ ሰዎች ስለ መብራት ያቀረቧቸውን ጥያቄዎች ከዚህ በታች በየተራ እመልሳለሁ። አብዛኞቹ የሚነሡት ሙቀትንና ዩቪቢን እንደ አንድ ነገር ከመቁጠር ስለሆነ፣ ከዚያው ብጀምር ይሻላል።

ጥያቄ፦ የውሃ ኤሊዬ ገንዳ መስኮት ሥር ስለተቀመጠ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ በደንብ ይገባላታል። ተጨማሪ መብራት ያስፈልጋታል?

መልስ፦ አዎ፣ ያስፈልጋታል። በመስኮቱ የሚገባላት ብርሃንና ሙቀት ነው እንጂ ዩቪቢ አይደለም፤ ተራ መስታወት ይህን ጨረር ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ያስቀረዋል። ዩቪቢ የሞገድ ርዝመቱ ከ280 እስከ 315 ናኖሜትር የሚደርስ፣ በዓይናችን የማናየው ጨረር ሲሆን፣ በኤሊዋ ቆዳ ላይ ሲያርፍ በቆዳው ውስጥ ያለን አንድ የኮሌስትሮል ዓይነት ወደ ቫይታሚን ዲ3 መነሻ ይለውጠዋል። መነሻው ወደ ቫይታሚኑ የሚለወጠው ግን በሰውነቷ ሙቀት ነው። ቫይታሚኑ ካልተገኘ በምግቧ ውስጥ ያለው ካልሲየም ከአንጀቷ በበቂ መጠን ወደ ደሟ ስለማይገባ፣ ሰውነቷ የጎደለውን ከአጥንቷና ከቅርፊቷ ይወስዳል። ስለዚህ ዩቪቢ እያላት በብርድ የምትኖር ኤሊም ሆነች ሙቀት እያላት ዩቪቢ ያጣች ኤሊ ከጉዳት አትድንም። በተጨማሪም የመስታወት ገንዳ በቀጥታ ፀሐይ ላይ ሲቀመጥ ውሃው በአጭር ጊዜ ከመጠን በላይ ሊግል ስለሚችል፣ ገንዳውን ከመስኮቱ ራቅ ቢያደርጉት መልካም ነው።

ጥያቄ፦ ለሙቀት የትኛውን አምፖል ልግዛ? ስንት ዋትስ ይሁን?

መልስ፦ ለቀን ነጭ ብርሃን የሚሰጥና አንጸባራቂ ያለው ሃሎጂን አምፖል እመርጣለሁ፤ እንደ ፀሐይ ሁሉ ብርሃንን ጠለቅ ብሎ ከሚገባ ሙቀት ጋር አንድ ላይ ይሰጣልና። ሴራሚክ ማሞቂያ ብርሃን የለውም፤ ሌሊት ክፍሉ በጣም ለሚቀዘቅዝበት የየብስ ኤሊ ጥሩ ነው፣ ለቀን ግን ሃሎጂንን አይተካም። ቀይ አምፖልን አልመክርም፤ ኤሊዎች ቀይ ቀለምን በደንብ ስለሚያዩ «ሌሊት አይረብሻቸውም» የሚባለው ትክክል አይደለም።

የዋቱ መጠን እንደ ክፍሉ ቅዝቃዜና እንደ አምፖሉ ርቀት ስለሚለያይ፣ የሚሻለው መለካት ነው። ቀይ ጆሮ ላላት የውሃ ኤሊ ከውሃው ወጥታ የምትሞቅበት መደብ ከ32 እስከ 35፣ ውሃው ደግሞ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን ተስማሚ ነው። አምፖሉን አብርተው አንድ ሰዓት ከጠበቁ በኋላ፣ ሙቀቱን በመደቡ ወለል ላይ ብቻ ሳይሆን የኤሊዋ ጀርባ በሚደርስበት ከፍታም ይለኩ። ጀርባዋ ለአምፖሉ የቀረበ ስለሆነ፣ መደቡ 34 ሲያሳይ ቅርፊቷ ከዚያ በላይ ሊግል ይችላል። ትልቅ የየብስ ኤሊ ካለዎት ደግሞ፣ አንድ ጠባብ ጨረር የጀርባዋን መካከል እያቃጠለ እግሮቿን ቀዝቃዛ ስለሚተው፣ አነስ ያሉ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ አምፖሎችን ጎን ለጎን ቢያደርጉ መላ አካሏ እኩል ይሞቃል።

ጥያቄ፦ የዩቪቢ አምፖሌን ከገዛሁት ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ግን አሁንም ቦግ ብሎ ይበራል። ልቀይረው?

መልስ፦ ዛሬውኑ ይቀይሩት። የሚታየው ብርሃን እንዳለ ሆኖ ዩቪቢው ቀስ በቀስ እየደከመ ይሄዳል፣ ዓይናችንም ይህን ሊነግረን አይችልም። ይህን የተማርኩት በገዛ ኤሊዬ ላይ ነው። አንድ ቀን ገንዳዋን ሳጥብ አንስቼ ስይዛት፣ የቅርፊቷ የኋላ ጠርዝ በአውራ ጣቴ ሥር እንደ ራሰ ካርቶን እጥፍ አለ፤ ያረጀው አምፖል ያን ጊዜም ከመደቧ በላይ ደምቆ ይበራ ነበር። በእንስሳት ሐኪም እርዳታና በአዲስ አምፖል ከወራት በኋላ ጠነከረላት፣ የጠርዙ መጣመም ግን እስከ ዛሬ አልተቃናም። እንደ ተለመደው አሠራር ቲ5 የሚባለው ቀጭኑ ቱቦ አምፖል በ12 ወር፣ ቲ8 የሚባለው ወፍራሙ በ6 ወር ይቀየራል። የተገጠመበትን ቀን በአምፖሉ ጫፍ ላይ በማይለቅ ቀለም ይጻፉ፤ የዩቪ ኢንዴክስ (የጨረሩን ጥንካሬ የሚያሳይ ቁጥር) መለኪያ ለመግዛት አቅሙ ካለዎት ግን ከግምት ሁሉ ያሳርፍዎታል።

ጥያቄ፦ ከዩቪቢ አምፖሎች ረጅሙ ቱቦ ይሻላል ወይስ ጥምዝምዙ?

መልስ፦ ረጅሙ ቲ5። ጥምዝምዙ የሚሸፍነው ጠባብ ቦታ ነው፣ ራቅ ሲልም ቶሎ ይደክማል። አምፖሉን ከላይ እንጂ ከጎን አይስቀሉት፤ ኤሊ ዓይኗ የተሠራው ከላይ ለሚመጣ ፀሐይ ስለሆነ ከጎን የሚገባው ጨረር ይጎዳታል። ርቀቱን በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መሠረት ያድርጉ፤ መለኪያ ካለዎት በጀርባዋ ከፍታ 3 አካባቢ የሆነ ኢንዴክስ ይበቃል። በመካከል መስታወት ወይም ፕላስቲክ ክዳን አይኑር፤ ጥቅጥቅ ያለ የሽቦ ወንፊትም ከጨረሩ ሲሶውንና ከዚያ በላይ ሊያስቀር ይችላል። ከሃሎጂኑ ጎን ከሆነ፣ ለመሞቅ ስትወጣ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ታገኛለች።

ጥያቄ፦ ቫይታሚን ዲ3 በምግቧ ብሰጣት መብራቱ ይቀራል?

መልስ፦ አይቀርም። ቆዳዋ በብርሃን ሲሠራው ትርፉን ወደማይጎዳ ነገር ይለውጠዋል፤ በአፍ ሲሰጥ ግን ይህ መቆጣጠሪያ ስለሌለ፣ ሲበዛ ካልሲየም በኩላሊቷና በደም ሥሮቿ ላይ እንዲጠራቀም ያደርጋል።

ጥያቄ፦ ሌሊትስ ይብራ?

መልስ፦ ሃሎጂኑም ዩቪቢውም ይጥፉ። በቀን ለ10 ወይም ለ12 ሰዓታት ያህል ቢበሩ ይበቃል፤ ሰዓት ቆጣሪ ማብሪያ ቢገጥሙ አይረሱትም።

ጥያቄ፦ ሁሉንም አሟልቻለሁ፣ ግን ወጥታ አትሞቅም።

መልስ፦ መጀመሪያ ውሃውን ይለኩ፤ ከ28 ዲግሪ በላይ ከሆነ ለመሞቅ ብላ አትወጣም። ቀጥሎ መደቡን በእጅዎ ይጫኑት፤ የሚነቃነቅ ወይም የሚያንሸራትት ከሆነ አታምነውም። አዲስ ከመጣች ደግሞ ሰው ፈርታ ሊሆን ስለሚችል ለጥቂት ሳምንታት ይታገሷት። የተመቻት ኤሊ አንገቷን አስረዝማ፣ የኋላ እግሮቿን ወደ ኋላ ዘርግታ፣ ጣቶቿን ፈልቅቃ ትተኛለች። በአንጻሩ ዓይኗ አብጦ ከተዘጋ፣ ወደ አንድ ጎን አጋድላ የምትንሳፈፍ ከሆነ ወይም ከአፍንጫዋ አረፋ ከወጣ፣ መብራት በማስተካከል ጊዜ ሳያጠፉ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዷት።

ጥያቄ፦ ውሃና ኤሌክትሪክ አንድ ላይ መሆናቸው ያስፈራኛል።

መልስ፦ ሊያስፈራዎት ይገባል። የሃሎጂኑ መያዣ ከሸክላ የተሠራ ይሁን፤ በመቆንጠጫ ብቻ ሳይሆን በሰንሰለትም ይታሰር፣ የጋለ አምፖል ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ይፈነዳልና። እያንዳንዱ ገመድ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ከታጠፈ በኋላ እንደገና ወደ ላይ ይሂድ፤ በገመዱ ላይ የሚወርደው ጠብታ ሶኬቱ ውስጥ ሳይገባ ከእጥፋቱ መሬት ላይ ይንጠባጠባል።