አሮጌውን ቤት በሲሚንቶ አትለስኑት፤ ስለ ንብረት ታክሱና ስለ ቅርስ ምዝገባው ለጠየቅሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ለሌሎችም እንዲገባ ባጭሩ ልድገመው። አያትሽ ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ያሠሩት ቤት አለ፤ ምድሩ ድንጋይ በጭቃ፣ ፎቁ እንጨትና ጭቃ፣ ከፊት ለፊቱ የእንጨት በረንዳ። ማዘጋጃ ቤቱ ለንብረት ታክስ ለክቶ የግምት ወረቀት ልኳል። ባህልና ቱሪዝም ደግሞ «ቅርስ ነው፣ እንዳትነኩት» ብሎ ሄዷል። ጣሪያው ያፈሳል፣ የግድግዳው ሥር ይፈረፈራል፣ ወንድሞችሽም ክረምት ሳይገባ በሲሚንቶ ለስነን እንገላገል ይላሉ። የጠየቅሽው ቅርስ ከሆነ ግብር እንከፍላለን ወይ፣ ማደስስ ይፈቀድልናል ወይ ነው።

ትከፍላላችሁ። ማደስም ትችላላችሁ። ሲሚንቶውን ግን ዛሬውኑ አስቁሚያቸው። ግድግዳውንም፣ የቅርስ መዝገቡንም፣ የግብር ግምቱንም በአንድ ጊዜ የሚያበላሸው እሱ ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ፤ መጀመሪያ ወረቀቱን እንጨርስ።

1. ስሙን አስተካክሉ። የግምት ወረቀቱ የመጣው በአያትሽ ስም ከሆነ፣ ማመልከቻም ቅሬታም ይዛችሁ ስትሄዱ የመጀመሪያው ጥያቄ «አንቺ ማን ነሽ?» ነው። ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ አውጡ። ወራሾቹ ብዙ ከሆናችሁ አንዱ ለሁሉም እንዲፈጽም ውክልና ስጡ፤ ውጭ አገር ያለ ካለ በኤምባሲ በኩል ይላክ። ካርታ የሌለው ነባር ይዞታ ከሆነ የድሮ የጣሪያ ግድግዳ ግብርና የቦታ ኪራይ ደረሰኞችን ሰብስቢ፤ የደርግ ዘመኖቹ ሳይቀሩ። በ1968 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 80 መሠረት በየዓመቱ የተከፈለባቸው ናቸው። የከፈላችሁት ገንዘብ ትንሽ ቢሆንም ደረሰኙ ቤቱ ለስንት ዓመት በእናንተ እጅ እንደቆየ ይናገራል። በሣጥን ታች ተጣጥፎ ያለውን ቢጫ ወረቀት «አሮጌ ነው» ብሎ የሚጥል ሰው ይዞታውን እየጣለ ነው። በዚያው የቤቱን ታሪክ አጣሩ፤ በሐምሌ 1967 በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ተብሎ ከተወረሰና ዛሬም የቀበሌ ቤት ከሆነ እናንተ ተከራይ ናችሁ፤ ከዚህ በታች የምጽፈው አብዛኛው አይመለከታችሁም።

2. ግምቱን ከመክፈላችሁ በፊት አንብቡት። የድሮው የቤት ግብር የተሰላው ቤቱ በዓመት ቢከራይ ያስገኛል በተባለው ኪራይ ላይ ስለሆነ ነው ያን ያህል ያነሰው። በጥር 2017 የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ መነሻ ግን የንብረቱ ዋጋ ነው፤ ማስከፈያ ልኩን የሚወስነው የየአካባቢው ምክር ቤት ነው። ስለዚህ ጎረቤት ከተማ ያለ ዘመድሽ የነገረሽን መቶኛ ይዘሽ ወደ ማዘጋጃ ቤት አትሂጂ። የራስሽን ከተማ ደንብ ቅጂ ጠይቂ፤ ከግብር ነጻ የተባሉትን ዝርዝር ራስሽ አንብቢ። ቅርስ በግልጽ ካልተጻፈበት፣ ቅርስ በመሆኑ ብቻ ግብሩ ይቀራል ብለሽ አትጠብቂ። ባህል ቢሮ የመዘገበው ግብር ቢሮ መዝገብ ላይ በራሱ አይገባም፤ ሁለቱ ቢሮዎች አንድ ግቢ ውስጥ ቢሆኑም እንኳ።

ወረቀቱ ላይ የምታጣሪው ቁጥር ሳይሆን ቁጥሩ የወጣባቸውን መስኮች ነው። ስፋቱ የተለካው ከግድግዳ ውጭ ነው ወይስ ከውስጥ? የጭቃና የድንጋይ ግድግዳ ከ50 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ይወፍራል፤ ከውጭና ከውስጥ ለክተሽ ብታወዳድሪ በትንሽ ቤት ላይ እንኳ ልዩነቱ በርካታ ካሬ ይሆናል። ደንቡ የቱን እንደሚል ጠይቂና በዚያው ይለካ። ክፍት በረንዳ እንደ ክፍል ተቆጥሯል? ከኋላ ያለው ማድቤት ከዋናው ቤት ጋር ተደምሮ በአንድ ደረጃ ተገምቷል? የግድግዳው ዓይነት ምን ተብሎ ተሞላ? የተሠራበት ዓመት የሚለው ባዶ ነው? ደንቡ የእርጅና ቅናሽ ካለው፣ ዓመቱ ያልተሞላለት የዘጠና ዓመት ቤት እንደ አዲስ ይሰላል።

ሜትር ይዘሽ ከሁለት ሰው ጋር ለኪ። የእያንዳንዱን ክፍል ርዝመትና ወርድ በንድፍ ላይ ጻፊ፤ አራቱንም ጎን ፎቶ አንሺ። ቅሬታሽን በጽሑፍ አቅርቢ፣ ቁጥርና ቀን አስመትቺበት፣ ቅጂውን ያዢ። ቅሬታ የማቅረቢያው ቀን ብዙ ጊዜ ማዘጋጃ ቤት በር ላይ ባለው ሰሌዳ ይለጠፋል ወይም በከተማው ሚኒ ሚዲያ በድምፅ ማጉያ ይነገራል፤ ቤት ለቤት አይመጣላችሁም። አዲስ አበባ ሆናችሁ የምትከታተሉ ከሆነ፣ እዚያ ያለ አንድ ሰው በሳምንት አንድ ቀን ሰሌዳውን ፎቶ አንስቶ እንዲልክ አድርጉ። ቀኑ ካለፈ የቱንም ያህል እውነት ቢኖራችሁ «ጊዜው አልፏል» ነው መልሱ። ሰው ሥራውን ትቶ ተሰልፎ፣ ወረቀቱ ሳይነበብ በመስኮት ሲመለስለት ያናድዳል። ገቢ ሆኖ ቁጥር የተመታበትን ማመልከቻ ግን እንደዚያ በቀላሉ አይመልሱትም።

3. ሲሚንቶው። ግምት የሚሞላው ሰው በግድግዳው ውስጥ ያለውን አያይም፤ ላዩን ነው የሚያየው። በሲሚንቶ ተለስኖ ቀለም የተቀባ የጭቃ ግድግዳ ከመንገድ ላይ ብሎኬት ይመስላል፣ ብሎኬት ተብሎም ይሞላል። ለዓመታት ከፍ ያለ ግብር የምትከፍሉበት አንድ ቃል ናት። የቅርስ ባለሙያው በበኩሉ ሲመጣ የቀድሞው ገጽ ጠፍቷል ብሎ ይጽፋል፤ ነገ ለጥገና እርዳታ ስትጠይቁ ያ ወረቀት ይቀድማችኋል።

ይህ ሁሉ ግን ከግድግዳው ጉዳት ያንሳል። ጭቃና ኖራ እርጥበትን ይስባሉ፣ ይተፋሉ። ከመሬት የወጣው ውኃ በግድግዳው ገጽ ተንኖ ይወጣል። ሲሚንቶ ይህን መውጫ ይዘጋዋል። ውኃው መውጫ ሲያጣ ወደ ላይ ይወጣል፤ ጭቃው ከልስኑ ጀርባ ይላላል፣ ማገሩና ቋሚው እግራቸው ይበሰብሳል፣ ምስጥ ይገባል። ከውጭ ግን ለሁለት ሦስት ክረምት ምንም አይታይም፤ ያማረ ቤት ነው የሚመስለው። ከዚያ ልስኑ ያብጣል፣ ስትመቺው ባዶ ድምፅ ይሰጣል፣ አንድ ቀን በሰፊው ተገንጥሎ ከነጭቃው ይወርዳል። ግንበኛው «ጭቃው አሮጌ ስለሆነ ነው» ይልሻል። አትስሚው፤ ያ ጭቃ ዘጠና ክረምት አሳልፏል። በሰው እጅ ከጭድ ጋር ተረግጦ፣ ተዘጋጅቶ የተመረገ ሥራ ነው፤ የሠሩት ሰዎች ምን እንደሚያደርጉ ያውቁ ነበር፣ ሊከበርላቸውም ይገባል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ልስኑ መጨረሻ ነው፤ መጀመሪያ ውኃው። በብዙ ከተሞች ኮብልስቶን ሲነጠፍ መንገዱ ከአሮጌዎቹ ቤቶች ወለል በላይ ሆኗል፤ የጎርፉ መሄጃም ግቢው ሆነ። ሥሩ መፈረፈር የጀመረው ከመንገዱ በኋላ መሆኑን እናትሽን ጠይቂ። ከሆነ ለማዘጋጃ ቤቱ በጽሑፍ አመልክቱ፤ እስከዚያው ግን በግድግዳው ዙሪያ የተከመረውን አፈር ከቤቱ ወለል 15 ሳንቲ ሜትር በታች እስኪሆን አንሱ። መሬቱ ከግድግዳው ሲርቅ በአንድ ሜትር 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይበል። ቦዩን ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ሜትር አርቃችሁ ቆፍሩ፤ የድሮ ቤት መሠረት ብዙ ጊዜ ጥልቀት ስለሌለው ሥሩ ድረስ የቆፈረ ሰው ቤቱን ያዘነብለዋል። በግድግዳው ሥር ዙሪያውን ኮንክሪት ማፍሰስም እንደ ልስኑ ነው፤ ውኃውን ወደ ግድግዳው ይገፋዋል። ጠጠር ይበቃል።

ቀጥሎ ጣሪያው። የሚያፈሰው ብዙውን ጊዜ በሚስማር ቀዳዳና በመደራረቢያው ነው። ሚስማሩ ከቆርቆሮው ሞገድ ጀርባ ላይ እንጂ ውኃ በሚወርድበት ጎድጓዳ አይመታ፤ ጎማ ይኑረው። ከላይና ከታች ያሉት ቆርቆሮዎች ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር፣ ጎን ለጎን ያሉት አንድ ሞገድ ተኩል ይደራረቡ። ክፈፉ ከግድግዳው 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ይውጣ፤ በጭቃ ቤት ላይ ክፈፍን ማሳጠር ግድግዳውን ለዝናብ መስጠት ነው። አሸንዳ ካደረጋችሁ መውረጃው ቦዩ ድረስ ይድረስ፤ ግድግዳው ሥር የሚያፈስ አሸንዳ ጨርሶ አሸንዳ ካለመኖሩ ይብሳል።

የበሰበሰ ቋሚ ካለ ሙሉውን አትንቀሉ። ሸክሙን በድጋፍ ያዙት፣ የበሰበሰውን ጤነኛው እንጨት እስኪገኝ ቁረጡት፣ በጽድ ወይም በወይራ ቀጥሉት፣ እግሩን ከአፈር አውጥታችሁ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አቁሙት። እርጥብ ባሕር ዛፍ አታስገቡ፤ ሲደርቅ ይጣመምና መገጣጠሚያውን ይከፍታል።

ለምርጊቱ ከግድግዳው የወደቀውን የራሱን ጭቃ አትጣሉት፤ ፈጭታችሁ ከአዲሱ ጋር አቡኩት። ጭዱ የጤፍ ቢሆን ይመረጣል። አቡክታችሁ ሸፍናችሁ አንድ ሁለት ሳምንት ይቆይ፣ በየሁለት ሦስት ቀኑ ይረገጥ፤ ያልቆየ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የመጀመሪያው ዙር ሙሉ በሙሉ ደርቆ ስንጥቁን ከጨረሰ በኋላ፣ ገጹ ተጫጭሮ፣ ውኃ ተርከፍክፎበት ሁለተኛው ይመረግ። ከላይ ኖራ ከፈለጋችሁ አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ የታጠበ አሸዋ፤ የከረጢት ኖራ ከሆነ ቀድሞ በውኃ ተዘፍዝፎ ይደር፣ ሳምንት ቢቆይ ደግሞ የተሻለ ነው። ውፍረቱ በአንድ ዙር ከ1 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። ፀሐይ በቀጥታ እንዳያገኘው በእርጥብ ጆንያ ጋርዱት፣ ለሳምንት ያህል ጠዋትና ማታ ውኃ አርከፍክፉበት፤ ኖራ ቶሎ ከደረቀ ዱቄት ሆኖ ይረግፋል። «ትንሽ ሲሚንቶ ልጨምርበት፣ እንዲጠነክር» የሚል ሠራተኛ ይመጣል። እሺ አትበሉት፤ ቀኑን ሙሉ እዚያው የሚቆም ሰውም መድቡ።

ይህ ሁሉ የደረቅ ወር ሥራ ነው፤ ከጥቅምት በኋላ። አሁን ክረምቱ ከቀረበባችሁ የሚያፈሰውን ጣሪያ ድፈኑ፣ ቦዩን ክፈቱ፣ ግድግዳውን በሸራ ጋርዱ፣ በዚህ መሃል ፈቃዱን ጨርሱ።

ፈቃዱን በተመለከተ፦ «እንዳትነኩት» የሚል ቃል ሕግ አይደለም። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ባለቤቱ ቅርሱን በራሱ ወጪ እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ ጥገናው ደግሞ በቅድሚያ ተፈቅዶ እንዲሠራ ያዛል። ወጪው ከባለቤቱ አቅም በላይ ሲሆን መንግሥት በከፊል ሊረዳ እንደሚችልም ተጽፏል። ስለዚህ በቃል የከለከላችሁን ቢሮ ሁለት ነገር በጽሑፍ ጠይቁት፦ ቤቱ በእርግጥ ተመዝግቧል ወይ፣ ከሆነስ በብሔራዊ ነው ወይስ በክልል ደረጃ። የክልል ከሆነ ጉዳያችሁ በክልሉ ባህልና ቱሪዝም በኩል ያልቃል፤ ብሔራዊ ከሆነ ወደ ቅርስ ባለሥልጣን ይሄዳል። ይህን ሳያጣሩ ከአንዱ ወደ ሌላው መመላለስ ነው በጋውን የሚበላው።

ማመልከቻው ላይ «እድሳት» ብላችሁ ብቻ አትጻፉ። የሚነካው የቱ ነው፣ በምን ቁስ፣ ስንት ካሬ፣ ምን ሳይነካ ይቀራል፤ ይህን በዝርዝር ጻፉ። ለግብር ቅሬታው ያነሳሽውን ፎቶና የለካሽውን ንድፍ እዚህም አያይዢው፤ የሁለቱ ቢሮዎች መዝገብ አንድ ስፋትና አንድ የግድግዳ ዓይነት ይያዝ። በረንዳውን፣ በርና መስኮቱን ወይም ፎቁን የሚለውጥ ነገር ካለ የማዘጋጃ ቤቱ የግንባታ ፈቃድም ያስፈልጋል፤ የቅርሱ ደብዳቤ ቀድሞ ከወጣ ማዘጋጃ ቤቱ የሚመልሳችሁበት ምክንያት ያንሳል። ለመሸጥ የሚያስብ ወንድም ካለም ይወቀው፤ የተመዘገበ ቅርስ ሲተላለፍ ለባለሥልጣኑ ማሳወቅ ግዴታ ነው።

የግብሩ ቅሬታ መልስ እስኪያገኝ ድረስ ክፍያውን ዝም ብላችሁ አትተዉት። የማትከራከሩበትን ክፍል መክፈል ይቻል እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ፣ ከተፈቀደ ክፈሉ፣ ደረሰኙ ላይ የቤት ቁጥሩና የወራሾቹ ተወካይ ስም በትክክል መጻፉን ከመስኮቱ ሳትነሡ አረጋግጡ።