1/2 ሲደመር 1/3 ለምን 2/5 ይሆንባቸዋል?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ውስጥ 6ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ልጆቹ ክፍልፋይ ሲደምሩ ላዕልን (የላዩን ቁጥር) ከላዕል፣ ታህትን (የታቹን) ከታህት ደምረው 1/2 + 1/3 = 2/5 ይሉኛል። ባርምላቸውም በሳምንቱ እዚያው ናቸው። ትልቁን የጋራ አካፋይና ትንሹን የጋራ ብዜትም ያምታታሉ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ መምህር፣ ልጆቹ ክፍልፋዩን የሚያዩት እንደ አንድ ቁጥር ሳይሆን እንደ ሁለት ቁጥር ነው። ማባዛት ላይ ላዕል ከላዕል፣ ታህት ከታህት መሄዱ ትክክል ስለሆነ ደግሞ ልማዱ ይብስባቸዋል። ስለዚህ ደንቡን ከመድገምዎ በፊት 2/5 መልሱ ሊሆን እንደማይችል ልጆቹ ራሳቸው ይዩት። እያንዳንዱ ተማሪ 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቀጭን ወረቀት ይቁረጥ። ግማሹ 6፣ ሲሶው 4 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ጫፍ ለጫፍ ሲገጠሙ 10 ይሆናሉ፣ ማለትም 10/12 ወይም 5/6። የወረቀቱ 2/5 ግን 4.8 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። «ግማሹ ላይ ጨምረን እንዴት ከግማሽ አነሰ?» ብለው ይጠይቁና መልሱን ከእነሱ ይጠብቁ። ወረቀቱን 10 ሳንቲ ሜትር እንዳያደርጉት፤ ሲሶው 3.33 እያለ ይቀጥልና ልጆቹ በማስመሪያው ላይ ይጠፋሉ።

ለሁለተኛው ጥያቄዎ 12ንና 18ን ይያዙ፤ እስኪገባቸው ድረስም ሌላ ጥንድ አያምጡ። ከፊራ ገበያ ላይ 12 ማንጎና 18 ብርቱካን ምንም ሳይተርፍ በእኩል መደብ ይደልደል ቢባል፣ ከፍተኛው 6 መደብ ነው፤ በየመደቡ 2 ማንጎና 3 ብርቱካን። 6 ትልቁ የጋራ አካፋይ ሆነ። ከከዚራ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አብረው የተነሡ ሁለት ባጃጆች አንዱ በየ12፣ ሌላው በየ18 ደቂቃው ቢመለሱ፣ መነሻቸው ላይ እንደገና የሚገናኙት 2 ሰዓት ከ36 ነው። 36 ትንሹ የጋራ ብዜት ነው። ያለውን መከፋፈል ከሆነ አካፋይ፣ መደጋገም ከሆነ ብዜት። ማረጋገጫውም ቀላል ነው፦ 6 × 36 እና 12 × 18 ሁለቱም 216 ናቸው። ይህ ግን ለሁለት ቁጥር ብቻ ይሠራል፤ በ2፣ 4 እና 6 ላይ ቢሞክሩት 2 × 12 = 24፣ 2 × 4 × 6 ግን 48 እየሆነ አይገጥምም።

ወደ ክፍልፋይ ሲመለሱም እነዚሁ ቁጥሮች ይበቃሉ። 12/18ን ለማቃለል ሁለቱንም ለ6 ማካፈል ነው፦ 2/3። 5/12 + 7/18 ሲሆን 36ን የጋራ ታህት አድርጎ 15/36 + 14/36 = 29/36። አቆራርጦ ማባዛቱን (5 × 18 + 7 × 12 በ12 × 18 ላይ) ቶሎ አያሳዩአቸው፤ ያደርሳል፣ ግን 174/216 ላይ ጥሎ ይሄዳል፣ ማቃለሉንም አብዛኞቹ ይረሱታል።

የተካፋይነት ደንቦችን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፦ የ3ን ደንብ፣ ማለትም የአኃዞቹ ድምር ለ3 ከተካፈለ ቁጥሩም ይካፈላል የሚለውን፣ ለ4 የሚያውሉ አይጠፉም። 1 + 3 = 4 ስለሆነ 13 ለ4 ይካፈላል ይላሉ። ለ4 የሚታዩት የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች ናቸው። ለ3 አኃዞቹ የሚደመሩበትን ምክንያትም ይንገሯቸው፦ 10 ማለት 9 + 1፣ 100 ማለት 99 + 1 ነው፤ 9ና 99 ለ3 ያለ ቀሪ ስለሚካፈሉ የሚቀረው የአኃዞቹ ድምር ነው።