ሲሚንቶ የሌለው መቃብር፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የአጥቢያችን የመቃብር ቦታ እየጠበበ ነው። ሁሉም በሴራሚክ ስለሚያሠራ መልሶ መቆፈር አልተቻለም። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ቦታውን የሚጨርሰው ሲሚንቶው ነው። በመገነዝና በሰሌን የተቀበረ ሰው ቦታ ከዓመታት በኋላ ለሌላ ይውላል፤ በኮንክሪት የታሰረው ግን እንደተዘጋ ይቀራል። ዝናቡንም ወደ አጠገቡ መቃብር ይገፋል፣ የዛፎቹን ሥር ውኃ ያስጠማል። ለስም ማኖሪያ ራስጌ ላይ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይበቃል። ሰበካ ጉባኤው ይህን በጽሑፍ ቢወስን ቤተሰብ ከቤተሰብ መፎካከሩ ይቀራል።

ጥያቄ፦ የአባታችንን መቃብር ለአርባው አሠራን፤ ክረምቱ ሲወጣ መሐሉ ተሰነጠቀ። የግንበኛው ጥፋት ነው?

መልስ፦ ነፍስ ይማር። ግንበኛው ጎበዝም ቢሆን በአርባ ቀን አፈሩ አይረጋም። ሣጥኑ ሲበሰብስ ክዳኑ ይደረመሳል፣ አፈሩ ተከትሎት ይወርዳል፣ ኮንክሪቱ ባዶ ላይ ይቀራል። መሬቱ መረሬ ከሆነ ደግሞ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። የግድ የሚሠራ ከሆነ ቢያንስ አንድ ሙሉ ክረምት ይለፍበት።

ጥያቄ፦ ጅብ ስለሚያስቸግረን 2 ሜትር እናስቆፍራለን። ልክ ነን?

መልስ፦ እዚያ ጥልቀት ላይ አየር ያንሳል፣ ውኃም ሊቋጥር ይችላል፤ አስከሬኑ ቶሎ አፈር አይሆንም። 1.20 ሜትር ቆፍሩ፤ ከአስከሬኑ በላይ ቢያንስ 70 ሴንቲ ሜትር አፈር ይኑር። የላይኛውን 30 ሴንቲ ሜትር ለም አፈር ለብቻ ከምራችሁ መጨረሻ ላይ መልሱት፤ ሣሩ ቶሎ የሚይዘው እሱ ላይ ነው። ጉብታውን 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጉት፣ ከጊዜ በኋላ ይወርዳል። ለጅቡ ትልልቅ ድንጋይ ከላይ ደርድሩበት፣ እሾህም ጣሉበት።

ጥያቄ፦ ሣጥንስ?

መልስ፦ ቫርኒሽ ያልነካው የባሕር ዛፍ ጣውላ ጥሩ ነው። ሙጫ ያለበት ችፑድ፣ ፕላስቲክና ፖሊስተር ገበር ይቅሩ። መገነዙ የጥጥ አቡጀዲ ይሁን።

ጥያቄ፦ ከግቢው በታች ምንጭ አለ። ምን ያህል እንራቅ?

መልስ፦ የእንግሊዝ መመሪያ ለመጠጥ ከሚቀዳ ውኃ 250 ሜትር፣ ከሌላ ምንጭና ወንዝ 30 ሜትር ይላል፤ ከመቃብሩ ወለል በታችም 1 ሜትር አፈር ይፈልጋል። ነሐሴ ላይ 2.20 ሜትር የሙከራ ጉድጓድ ቆፍሩ፤ ውኃ ካቆረ ቦታው አይሆንም።

ጥያቄ፦ ምን እንትከል?

መልስ፦ አገር በቀል ጥድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፤ ክረምቱ እንደገባ። ባሕር ዛፍ አታስገቡ። ከመቃብሩ ጠርዝ 1.5 ሜትር አርቃችሁ ትከሉ፤ ያለዚያ የሚቀጥለው ቁፋሮ ሥሩን ይቆርጠዋል። ችግኝ የሚያልቀው በብዛት በፍየልና በከብት ነውና አጥር ይቅደም። ደቡብ ጎንደር ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ደኖችን በደረቅ ድንጋይ ካብ ማጠር ውጤት አሳይቷል፤ ድንጋዩም የተለቀመው ከገበሬው ማሳ ነው።