«ሁሉም» ከማለታችሁ በፊት፦ ለተከራካሪዎች ጥያቄና መልስ

ባህር ዳር ውስጥ ለክርክር የሚዘጋጁ ተማሪዎች ስለ ገዳቢ ቃላት፣ ማለትም ስለ «አብዛኛው»፣ «በበጋ»፣ «ምናልባት» እና መሰሎቻቸው የጠየቁኝን እዚህ መልሻለሁ። የሚከራከሩት ስለ ጣና ነውና ምሳሌውም ከዚያው ነው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ «እምቦጭ የጣናን ዓሣ አጠፋው» ብዬ ልጀምር አስቤያለሁ። ጠንካራ አይደለም?

መልስ፦ ሲሰሙት ጠንካራ ነው፤ ግን አንድ ዓሣ ያፈርሰዋል። ተከራካሪህ «ዛሬ ገበያ የዋለውስ ከየት መጣ?» ካለህ አለቀልህ። የት? መቼ? ምን ያህል? ብለህ ራስህን ጠይቅ። እምቦጩ፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው አረም፣ የበረታው በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ነው፤ ሐይቁን ሁሉ አልሸፈነም። ዓሣውንም የሚጎዳው እሱ ብቻ አይደለም። ዓሣው ለመራባት ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዞች ሲወጣ እዚያው በመረብ ይለቀማል። ስለዚህ «እምቦጭ በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ለዓሣ አስጋሪዎች ትልቅ እንቅፋት ሆኗል» በል። አሁን ገበያውን ሁሉ ቢያመጣብህ አትነቃነቅም።

ጥያቄ፦ «ምናልባት» ሳበዛ ዳኞቹ ፈሪ ናት አይሉኝም?

መልስ፦ ካበዛሽ ይሉሻል፤ እውነታቸውን ነው። «ምናልባት አንዳንድ ሰዎች በተወሰነ ደረጃ ሊጎዱ ይችሉ ይሆናል» ብትዪ ምን አልሽ? ምንም! ጥሩ ገዳቢ ቃል ወሰኑን ለይቶ ያሳያል፤ ሰሚው ሄዶ ሊያጣራው ይችላል። «ጢስ ዓባይ ደርቋል» የሚሉ አሉ። በነሐሴ የሄደ ሰው ይስቅባቸዋል። የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ በ2002 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን ብዙ ውሃ ከሐይቁ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ይሄዳል። «ከዚያ ወዲህ ፏፏቴው በበጋ በጣም ይቀንሳል» ማለት ነው ያለብሽ። «በበጋ» የምትለዋን ቃል ማንም ፍርሃት አይላትም።

ጥያቄ፦ ቁጥር ከያዝኩስ?

መልስ፦ ያኔ ይብሳል፤ ቁጥር ሰው ያሳምናላ። «ከናይል ውሃ 85 በመቶው የዓባይ ነው» ሲባል ስንቴ ሰማችሁ? 85 በመቶ ገደማ የሚሆነው ከኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች በጠቅላላ የሚሄደው ነው፤ ባሮና ተከዜም አሉበት። «ዓባይ ውሃውን የሚያገኘው ከጣና ነው» የሚለውም እንዲሁ። ሱዳን ድንበር ከሚደርሰው ውሃ የጣና ድርሻ ከ10 በመቶ በታች ነው። የቀረውን በሽሎ፣ ጀማ፣ ዴዴሳ፣ ዳቡስና ሌሎች ገባር ወንዞች ይሞሉታል። ቁጥሩ የምን እንደሆነ ካልተናገርክ ትክክለኛው ቁጥር ራሱ ያሳስታል።

ጥያቄ፦ ገዳቢው ቃል የትም ቢገባ ለውጥ አለው?

መልስ፦ አለው እንጂ! «እምቦጩ የጎዳው ዓሣ አስጋሪውን ብቻ ነው» ካልሽ ገበሬውን ረሳሽው። «ዓሣ አስጋሪውን የጎዳው እምቦጩ ብቻ ነው» ካልሽ ደግሞ ሕገወጥ መረቡን ነፃ አወጣሽው።

ጥያቄ፦ «እንደሚባለው» ብልስ?

መልስ፦ ማን አለ? ስሙን ጥቀስ፤ ካልሆነ ተወው።

ጥያቄ፦ ታዲያ «ሁሉ» እና «ብቻ» በፍጹም አይባሉም?

መልስ፦ እውነት ከሆነ በድፍረት በሉት። «ጣና ከኢትዮጵያ የተፈጥሮ ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው»፤ እዚህ ላይ «ምናልባት» መጨመር ያስነቅፋል። «ከጣና የሚወጣው ወንዝ ዓባይ ብቻ ነው» የምትሉ ከሆነ ግን «በተፈጥሮ የሚወጣው» በሉ፤ ተከራካሪያችሁ የበለስን ዋሻ ያነሳባችኋል።